ልጃችሁ የሆኪ በረኛ ልሁን ካለ

በኤድመንተን ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ሻይ ስንጠጣ የሚያስቆሙኝ እናቶችና አባቶች የሚጠይቁኝ ተመሳሳይ ነገር ነው፦ «ልጁ የበረዶ ሆኪ በረኛ ካልሆንኩ ብሎ አስቸግሮናል፤ ስንት ያስወጣል? የትስ ያደርሳል?» የበኩር ልጄ እዚሁ ከተማ ተወልዶ፣ በሰፈራችን የበረዶ ሜዳ ጀምሮ፣ ዛሬ በአሜሪካ ኢ ሲ ኤች ኤል በሚባለው የፕሮፌሽናል ሊግ በረኛ ነው። በቁም ተጨዋውተን የማይጨረሰውን መልስ በጽሑፍ ባስቀምጠው ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የምለው ይህን ነው፦ በረኛ ዘግይቶ ይበስላል። በዚህ አገር ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡንም ልጁንም የሚጎዳው ይህን ባለማወቅ ነው። አጥቂ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ዋናው ሊግ ሊገባ ይችላል። በረኛ ግን ሃያ አራትና ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶት ገና እንደ ጀማሪ ይታያል። ስለዚህ የወላጅ ሥራ ልጁን በአሥር ዓመቱ ኮከብ ማድረግ አይደለም፤ በሩ እስኪከፈት ድረስ አካሉ ሳይጎዳ፣ ትምህርቱ ሳይቋረጥ፣ ጨዋታውንም ሳይጠላ ማቆየት ነው።

ነገሩን በስም ላስረዳ። ቼኩ ዶሚኒክ ሃሼክ በ1983 (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ዋናው ሊግ ኤን ኤች ኤል ባካሄደው ምልመላ፣ ቡድኖች ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት፣ 199ኛ ሆኖ ተመረጠ። በቡፋሎ ስሙ ሲገን ሃያ ስምንት ዓመት አልፎት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የዓመቱ ምርጥ በረኛ የሚሸለመውን የቬዚና ዋንጫ ስድስት ጊዜ ወሰደ። ስዊድናዊው ሄንሪክ ሉንድክቪስት በ2000 የተመረጠው 205ኛ ሆኖ ነው። ቲም ቶማስ በ1994 217ኛ ከተመረጠ በኋላ በፊንላንድ፣ በስዊድንና በአሜሪካ ዝቅተኛ ሊጎች ሲንከራተት ኖሮ፣ በቦስተን ቦታውን ያስከበረው ከሠላሳ ዓመቱ በኋላ ነው። በ2011 በሠላሳ ሰባት ዓመቱ የሊጉ ሻምፒዮን የሚወስደውን የስታንሊ ዋንጫን አንሥቶ የማጣሪያው ዙር ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ሰርጌ ቦብሮቭስኪን ደግሞ በምልመላው ጨርሶ የመረጠው ቡድን አልነበረም፤ ይኸው ሁለት ቬዚናና በ2024 እና በ2025 ተከታታይ ሁለት የስታንሊ ዋንጫዎች አሉት። በሌላ የጨዋታ ቦታ እንዲህ ያለ ታሪክ አልፎ አልፎ ነው የሚሰማው፤ በበረኞች ዘንድ ግን የተለመደ ነው።

ቦታው ጠባብ መሆኑን ደግሞ ማንም ሊደብቅባችሁ አይገባም። ኤን ኤች ኤል 32 ቡድኖች አሉት። እያንዳንዱ ቡድን ለአንድ ጨዋታ አሥራ ስምንት ተጫዋቾችና ሁለት በረኞች ያሰልፋል። ስለዚህ በዓለም ከፍተኛው የሆኪ ደረጃ ላይ ያለው የበረኛ መቀመጫ 64 ነው፤ ከእነዚህም ግማሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጠው የሚያዩ ተጠባባቂዎች ናቸው። ይህን ለልጄ የነገርኩት በአሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አልቀነስኩለትም፣ አላስፈራራሁትምም። እሱም ቁጥሩን እያወቀ ቀጠለ። እያወቀ መቀጠሉ ልቤን አሳርፎታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ወደ ዳሌ።

የዛሬ በረኛ የሚጫወተው ቢራቢሮ በሚባለው ስልት ነው። ሁለቱን ጉልበቶች ወደ ውስጥ አገናኝቶ በረዶው ላይ ይወድቅና እግሮቹን ወደ ግራና ቀኝ ይዘረጋል፤ የግቡ የታችኛው ክፍል በሙሉ ይዘጋል። ስልቱን ግሌን ሆልና ቶኒ ኤስፖሲቶ ጀመሩት፤ በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ ፓትሪክ ሮይ ዓለም አቀፍ አደረገው። ግቡ 1.83 ሜትር ስፋትና 1.22 ሜትር ቁመት ስላለው፣ ጎልም ብዙ ጊዜ ከታች ስለሚገባ ስልቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ጭንን ወደ ውስጥ እየጠመዘዙ በተደጋጋሚ መውደቅ፣ አጥንቱ ገና በማደግ ላይ ላለ ልጅ፣ የጭን አጥንት ራስና ተቀባዩ ጎድጓዳ እየተጋጩ ቅርጻቸው እንዲበላሽ ያደርጋል። ስማቸው የገነነ በረኞች ሳይቀሩ በዚህ ምክንያት የዳሌ ቀዶ ሕክምና አድርገዋል።

ልጄ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ አንድ የግል የበረኞች ማሠልጠኛ ዓመቱን ሙሉ፣ በጋውንም ጨምሮ፣ እንዲሠለጥን ግብዣ አቀረበልን። ክፍያው ከባድ ነበር፤ ከዚያ በላይ ያሳሰበኝ ግን በሙከራው ቀን ያየሁት ነው። ልጆቹ ለአንድ ሰዓት ያህል ኳስ እንኳን ሳይመታላቸው፣ ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ፣ ይወድቃሉ። በእረፍት ሰዓት ከአጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል ብሽሽቱን ይዞ ፊቱን አጨማደደ። አሠልጣኙን ስጠይቀው «ይለምደዋል» አለኝ። ልጄን ይዤ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት የወሰድኩት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ልጄን በጀርባው አስተኝቶ፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፎ፣ ወደ ሌላው ጎን ቀስ አድርጎ አዘነበለው። «እዚህ ጋ ይቆነጥጥሃል?» ብሎ ብሽሽቱን ነካው። አልቆነጠጠውም። ከዚያ ለኔ የነገረኝን እኔም እነግራችኋለሁ፦ ልጁ መኪና ውስጥ ረጅም ሰዓት ተቀምጦ ሲነሣ ብሽሽቱን የሚያመው ከሆነ፣ ካልሲ ሲያጠልቅ ወይም ጫማ ሲያስር የሚቸገር ከሆነ፣ «ጡንቻ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ስፖርት የሚያውቅ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ሌላው ምክሩ ቢያንስ ከዓመቱ ጥቂት ወራት የበረኛ ጫማ ጨርሶ እንዳያደርግ ነበር። እኛም በጋውን በሙሉ እግር ኳስና ቅርጫት ኳስ አጫወትነው። ሰፈራችን ካሉ ወላጆች አንዳንዶቹ ልጁ ወደ ኋላ ይቀራል ብለው አዘኑልን። ዛሬ በሃያ አምስት ዓመቱ ዳሌው ጤነኛ ነው፤ በቡድኑ የሕክምና ምርመራ ሲደረግለት የሚያስገርማቸውም እሱ ነው።

በልጅነት ለበረኛ ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ፣ በስኬቲንግ ትምህርት ላይ አውጡ። ብዙ ሰው በረኛ ቆሞ የሚጠብቅ ይመስለዋል። እውነተኛው በረኛ ግን በቡድኑ ውስጥ በጫማው ጠርዝ መግፋትን፣ መቆምንና መዞርን ከሁሉ አስበልጦ ማወቅ አለበት፤ ኳሱ ከመመታቱ በፊት ቦታው ላይ ደርሶ ካልቆመ እጁ ቢፈጥን አይጠቅመውም። ኳስ ስል ፓክ የሚባለውን የጎማ ክብ ማለቴ ነው። ሲመዘን ከ156 እስከ 170 ግራም ነው፤ እንዳይነጥር ከጨዋታ በፊት በማቀዝቀዣ ይቀመጣል። ተከላካዩ ዝዴኖ ቻራ በ2012 በምት ፍጥነት ውድድር ሲመታው በሰዓት ከ175 ኪሎ ሜትር በላይ ተለክቷል።

ስለዚህ ዕቃ ላይ አትጫወቱ። ሙሉ የአዋቂ በረኛ ዕቃ አዲስ ሲገዛ በሺዎች የሚቆጠር የካናዳ ዶላር ነው። ለትንሽ ልጅ ግን አትግዙ። በካናዳ ብዙ የሰፈር የሆኪ ማኅበራት የበረኛ ዕቃ ለውድድር ዘመኑ ያውሳሉ፤ ልጅ ስትመዘግቡ ጠይቁ፣ ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ የለም። ኪድስፖርትና ጃምፕስታርት የሚባሉት ድርጅቶች ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ የምዝገባ ክፍያ ያግዛሉ፤ የገቢ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ቀደም ብላችሁ አመልክቱ። የእግር መከላከያው፣ የደረቱ፣ ጓንቶቹ ያገለገሉ ቢሆኑ ምንም አይደለም። ጭንብሉን ግን አዲስና በልኩ ግዙ። የተሰነጠቀ፣ ወይም ለነገ ያድግበታል ተብሎ የተገዛ ሰፊ ጭንብል አታድርጉለት። ዣክ ፕላንት በኅዳር 1 ቀን 1959 በኒውዮርክ ፊቱን ተመትቶ፣ ከተሰፋ በኋላ ያለ ጭንብል አልመለስም ብሎ እስኪያስለምድ ድረስ የዚያ ዘመን በረኞች በባዶ ፊታቸው ነበር የሚቆሙት።

የአንገት መከላከያ ደግሞ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። በመጋቢት 1989 ቡፋሎ ውስጥ የክሊንት ማላርቹክን አንገት የተቃራኒ ተጫዋች የጫማ ስለት ቆርጦት ከሞት የተረፈው የቡድኑ የሕክምና ባለሙያ ፈጥኖ ደም ሥሩን ስለያዘለት ነው። በልጆች ሆኪ የአንገት መከላከያ ግዴታ ነው፤ ልጆች ግን ይሞቃቸውና ያላሉታል። ልጄ ሜዳ ከመግባቱ በፊት እኔ የምፈትሸው አንድ ነገር እሱን ነበር፤ ጣቴን በአንገቱና በጨርቁ መካከል አስገብቼ። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው እንኳ አልተውኩም።

ዕቃው ከጨዋታ በኋላ በከረጢት ውስጥ እንዳያድር። በእርጥበቱ የሚራባው ሻጋታና ባክቴሪያ ቆዳ ላይ ቁስል ሊያወጣ ይችላል። ምድር ቤት ዘርግታችሁ ማራገቢያ ክፈቱበት።

ከገንዘቡም ከዳሌውም በላይ ማንም ያላስተማረኝ የተመልካቹ መቀመጫ ነው። አጥቂ ሲሳሳት ጨዋታው ይቀጥላል፤ በረኛ ሲሳሳት ከጀርባው ቀይ መብራት ይበራል፣ ውጤት መቁጠሪያው ይቀየራል፣ ሁሉም ይቆማል። ያን ጊዜ ከአጠገባችሁ ያለች እናት ለባሏ «ይቺን እንኳ?» ስትል ትሰማላችሁ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ልጇ እንዲያሸንፍ ነው የፈለገችው። ከሷ ጋር ቂም መያዝም አያስፈልግም። ግን አጠገቧ አትቀመጡ። የበረኛ ወላጆች በየሜዳው ብቻቸውን፣ ጥግ ላይ፣ መስታወቱን ተደግፈው ሲቆሙ ታያላችሁ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ በሁለተኛው ዓመት ከሌላው ቡድን በረኛ እናት ጋር ጎን ለጎን መቆም ጀመርን። የጠላት እናት ተብላ የምትታሰበው እሷ በሜዳው ውስጥ ከሁሉ በላይ የምትረዳኝ ሰው ሆነች።

ቤት በሚወስደው መንገድ ስለገባው ጎል አትናገሩ። ልጄ ስምንት ጎል ገብቶበት መኪና ውስጥ ሲገባ ያየሁት ፊት አይረሳኝም። አባቱ «ሦስተኛው ላይ እግርህ…» ብሎ ሲጀምር ክንዱን ያዝኩት። በሄንዴይ ቀለበት መንገድ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ በዝምታ ነዳን። ከዚያ ልጁ ራሱ «ሦስተኛው የኔ ነበር፤ ሌሎቹ ግን ምንም ማድረግ አልችልም ነበር» አለ። አባቱ «እሺ ልጄ» ብሎ ዝም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን ደንብ ሆነ፦ እሱ ካላነሣው እኛ አናነሣውም። በረኛ የገባበትን ጎል ለራሱ መዝኖ፣ የሱ የሆነውንና ያልሆነውን ለይቶ መርሳት ካልተማረ ሙያው ይበላዋል። ይህን ደግሞ በወላጅ ንግግር አይማረውም፤ ቦታ ሲሰጠው ነው የሚማረው።

ጥቁር ልጅ ስለሆነም የሚገጥመው አለ። አሥራ አራት ዓመቱ እያለ አንድ የተቃራኒ ተጫዋች በግቡ አጠገብ ሲያልፍ በዘሩ ሰደበው። ልጄ ጨዋታውን ጨረሰና መኪና ውስጥ ነገረኝ። እንዲህ ሲሆን ሌሊቱን አታሳልፉ፤ የተባለውን ቃል እንዳለ፣ በየትኛው ክፍለ ጊዜ እንደሆነ፣ የተናገረውን ልጅ የመለያ ቁጥርና ማን እንደሰማ ጻፉና ለአሠልጣኙም ለማኅበሩም በጽሑፍ ላኩ። በቃል ብቻ የተነገረ ነገር በሳምንቱ ይጠፋል። በጽሑፍ ስላቀረብን ተሳዳቢው ልጅ ተቀጣ። ለልጄ ያን ሰሞን ስለ ግራንት ፉር ነገርኩት። ፉር የተወለደው ከኤድመንተን በስተ ምዕራብ ባለችው በስፕሩስ ግሮቭ ነው፤ ጥቁር ነው፤ በዚህችው ከተማ ቡድን አምስት የስታንሊ ዋንጫዎችን አንሥቷል፤ በ1988 ቬዚናን ወስዷል፤ በ2003 ወደ ሆኪ የክብር አዳራሽ የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆኗል። በከተማችን ስሙን የማያውቅ የለም። ልጄ የሱን ፎቶግራፍ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፈ፤ እስካሁን አለ።

ስለ ጾም ብዙ ወላጅ ይጠይቀኛል። ዐቢይ ጾም የሚውለው ከማጣሪያ ጨዋታዎች ጋር ነው። በረኛ በአንድ ጨዋታ ላብ ብቻ ኪሎዎች ይቀንሳል። እኛ የንስሐ አባታችንን አማከርን፤ ጨዋታ ባለበት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዳይቆይ፣ ከሥጋና ከወተት ግን እንዲከለከል ነገሩን። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ኦቾሎኒ እና ሩዝ ከጨዋታው ሦስትና አራት ሰዓት ቀደም ብሎ ይበላ ነበር። አልደከመም። እናንተም በራሳችሁ አትወስኑ፤ አባታችሁንም ሐኪሙንም ጠይቁ፤ በባዶ ሆድና በደረቀ ጉሮሮ ግን ልጅ በረዶ ላይ አይግባ።

መንገዱን ደግሞ ባጭሩ ላስቀምጠው። በምዕራብ ካናዳ አሥራ አምስት ዓመት ግድም ላይ ደብሊው ኤች ኤል የሚባለው ትልቁ የወጣቶች ሊግ ቡድኖች ልጆችን ይመርጣሉ። ልጄን የመረጠ አልነበረም፤ ያን ቀን አልቅሷል። በአልበርታ የጁኒየር ሊግ ተጫወተ፤ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከቤት ወጥቶ ቡድኑ ባዘጋጀለት ቤተሰብ ዘንድ ኖረ። ልጃችሁን የሚያስተናግዱትን ሰዎች አስቀድማችሁ ሄዳችሁ ተዋወቁ፤ ስለ ምግቡ፣ ስለ ጸሎቱ፣ ስለ መግቢያ ሰዓቱ ተነጋገሩ። ከዚያ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በስኮላርሺፕ ገባ። ያኔ በደብሊው ኤች ኤል የተጫወተ ልጅ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መጫወት አይፈቀድለትም ነበር። ከነሐሴ 2025 ጀምሮ ግን ደንቡ ተለውጧል፤ ዛሬ አንዱን በር መምረጥ ሌላውን አይዘጋም። ደብሊው ኤች ኤልም ተጫዋቹ ለተጫወተበት ለእያንዳንዱ ዘመን የአንድ ዓመት የትምህርት ወጪ ይሸፍናል፤ ውሉን ስትፈርሙ ይህ መብት የሚቀርበትን ሁኔታ መስመር በመስመር አንብቡ። «ልጃችሁን አስመርጣለሁ» ብሎ በቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅ አማካሪ ከመጣ ደግሞ በሩን አሳዩት።

ዲግሪውን ይዞ ነው ወደ ፕሮፌሽናል የገባው። የኢ ሲ ኤች ኤል ኑሮ ምን እንደሚመስል እወቁ። ክፍያው በሳምንት ነው፤ የሚከፈለውም በውድድሩ ወራት ብቻ ነው፤ መኖሪያውን ቡድኑ ይሰጣል። 72 ጨዋታዎች፣ ብዙውን ጊዜ በአውቶቡስ። በዋናው ሊግ ዝቅተኛው ደመወዝ በ2025-26 የውድድር ዘመን 775,000 የአሜሪካ ዶላር ነው፤ በእርከኖቹ መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ነው። በረኛ ደግሞ ቦታው በራሱ እጅ ብቻ አይደለም። ላይ ያለው አንድ በረኛ ጉልበቱን ሲጎዳ ከዋናው ቀጥሎ ካለው ሊግ፣ ከኤ ኤች ኤል፣ አንዱ ይጠራል፣ የሱን ቦታ ከኢ ሲ ኤች ኤል ሌላው ይሞላል፤ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ አንዱ ሲሳብ ሁሉም ይንቀሳቀሳል። የተጎዳው ሲመለስ ደግሞ ሁሉም ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ታች ያለው ሥራውን ሊያጣ ይችላል። ልጄ በአንድ የውድድር ዘመን ማክሰኞ ተጠርቶ ወደ ላይ ወጥቶ፣ አንድም ደቂቃ ሳይጫወት ተመልሷል። ሻንጣው ሁልጊዜ ግማሹ ታስሮ ነው የሚቀመጠው።

ይህ ሊግ ግን የመጨረሻ ማረፊያ አይደለም። ጆናታን ክዊክ፣ ብሬደን ሆልትቢና ጆርዳን ቢኒንግተን ሦስቱም በኢ ሲ ኤች ኤል ቆመዋል፤ ሦስቱም በኋላ በረኛ ሆነው የስታንሊ ዋንጫን አንሥተዋል። ቢኒንግተን በ2019 ሴንት ሉዊስን ለዋንጫ ሲያበቃ የገባው በውድድሩ አጋማሽ፣ በሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ልጄም አሁን ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመት ተጨማሪ እሰጠዋለሁ ብሏል፤ ውሳኔው የሱ ነው፣ እኛም ተስማምተናል። ዲግሪው የሒሳብ አያያዝ ነው፤ በበጋ እዚህ መጥቶ በአንድ ቢሮ ይሠራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈራችንን ትናንሽ በረኞች በነፃ ያሠለጥናል።

ልጃችሁ እዚያ ባይደርስስ ለምትሉኝ፦ በዚህ አገር በረኛ የማይፈለግበት ሜዳ የለም። በአዋቂዎች የመዝናኛ ጨዋታ ሁሉም ይከፍላል፤ በረኛው ግን ብዙ ጊዜ በነፃ ይገባል፣ እየተለመነም ይመጣል። ዴቪድ ኤየርስ በየካቲት 2020 በቶሮንቶ ሁለቱም የካሮላይና በረኞች ሲጎዱ በአርባ ሁለት ዓመቱ ከተመልካች መካከል ተጠርቶ ገብቶ፣ ከአሥር ምት ስምንቱን አድኖ ጨዋታውን አሸንፏል። ቀደም ሲል ኩላሊቱ ታሞ የራሷን ኩላሊት የሰጠችው እናቱ ናት።

ለሚቀጥለው የውድድር ዘመን ምዝገባ የሚከፈተው በካናዳ ፀደይ፣ የበረዶው ወራት ሲያልፍ ነው፤ እስከ መስከረም አትጠብቁ። በምዝገባው ቀን ማኅበሩን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የሚያውሱት የበረኛ ዕቃ እንዳላቸው፣ በረኞችን ለብቻ የሚያሠለጥን ሰው እንዳላቸው፣ በአንድ ቡድን ውስጥ ሁለቱ በረኞች ጨዋታውን እኩል ይካፈሉ እንደሆነ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ለሦስተኛው ጥያቄ «አይካፈሉም» ካሏችሁ ሌላ ማኅበር ፈልጉ።